መርካቶ ውስጥ «መርካቶ» የሚባል ሱቅ የለም፦ የተከፋፈለ ሠንጠረዥና አልመለስ ያለው የዱቤ መዝገብ

በርበሬ የፈለገ በርበሬ ተራ ይሄዳል። ቆርቆሮ የፈለገ ቆርቆሮ ተራ፣ የሀገር ልብስ የፈለገ ሸማ ተራ። መርካቶ ገብታችሁ ግን «መርካቶ የሚባለው ሱቅ የትኛው ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ይሳቅባችኋል። መርካቶ የተራዎቹ ሁሉ የጋራ ስም ነው እንጂ በራሱ አንድ ኪሎ በርበሬ እንኳ አያስቀምጥም።

ይህችን ነገር ያዙልኝ። ስንት የዳታቤዝ ባለሙያ በሌሊት በላብ የተጠመቀው እሷን በመርሳቱ ነው።

ገበያው እዚህ ቦታ የመጣው በራሱ ፈቃድ አልነበረም። ከጣሊያን ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ዋና ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጣሊያኖች በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከተማዋን ከያዙ በኋላ ነጩንና ጥቁሩን ለይተው ለማስፈር ባወጡት ዕቅድ «ያገሬው ሰው ገበያ» ብለው ወደ ምዕራብ ገፉት። መርካቶ የሚለው ቃልም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙ ገበያ ማለት ብቻ ነው። ጣሊያን ሄደ፣ ስሙና ቦታው ቀሩ። ነጋዴውም ገበያውን በተራ በተራ አድርጎ አደላደለው። በአንድ ሱቅ ያጣችሁትን ጫማ ከጎኑ ባለው ታገኙታላችሁ፤ ዋጋም ታወዳድራላችሁ፤ ቆርቆሮ ፈልጋችሁ በርበሬ እያስነጠሳችሁ አትዞሩም።

ዱባይ ተራ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ወጣ ያለ ነው። ሌሎቹ ብዙዎቹ የተለዩት በሸቀጡ ዓይነት ነው፤ ዱባይ ተራ ግን ስሙን ያገኘው ዕቃው ከመጣበት አገር ነው። ጫማም ይሁን ልብስ፣ ቦርሳም ይሁን ሽቶ፣ «የዱባይ ዕቃ» ከተባለ ቤቱ እዚያ ነበር። የዳታቤዝ ሰዎች እንዲህ ያለውን መለያ «የመክፈያ ቁልፍ» ሊሉት ይችላሉ። ቁልፉ የዕቃው ዓይነት ከሆነ ጫማ ፈላጊው አንድ ተራ ሄዶ ይገላገላል። ቁልፉ የመጣበት አገር ከሆነ ግን ጫማ ፈላጊው ሁሉንም መዞር አለበት፤ የሚጠቀመው «ከዱባይ የገባ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቀው ነው። ደግሞ ስም ይቀራል፣ ይዘት ይለወጣል። ዛሬ እዚያ ያለው ዕቃ ብዙው የቻይና ነው፤ ተራው ግን ስሙን አልቀየረም። ቦምብ ተራ ሄዳችሁስ ቦምብ ይሸጥላችኋል እንዴ?

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1970 የአይቢኤም ተመራማሪ የነበረው ኤድጋር ኮድ መረጃን በረድፍና በዓምድ፣ በሠንጠረዥ መልክ የማስቀመጥን ሐሳብ አሳተመ። የሐሳቡ ውበት ጠያቂው መረጃው ዲስኩ ላይ የት እንደተቀመጠ ማወቅ አያስፈልገውም ማለቱ ነው። «የትናንትን ሽያጭ አምጣ» ትላላችሁ፤ ከየት እንደሚያመጣው የማሽኑ ጣጣ ነው። ሠንጠረዦቹ በሚሊዮን በሚቆጠር ረድፍ እየተሞሉ ሲሄዱ ግን ማሽኑም መድከም ጀመረ። መፍትሔው የመርካቶ ነጋዴ ቀድሞ ያወቀው ነው፦ በተራ መክፈል። ኦራክል ይህን በ8ኛ እትሙ እ.ኤ.አ. በ1997 አመጣው፤ የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር በ2005 እትሙ፣ ማይኤስኪውኤል በ2008 ተከተሉ። በነጻ የሚገኘው ፖስትግሬስ ለዓመታት በጓሮ በር፣ ሠንጠረዥን ከሠንጠረዥ «በማዋረስ» ሲያብቃቃ ቆይቶ፣ በግልጽ ትእዛዝ «ይህን ሠንጠረዥ በዚህ ዓምድ ክፈልልኝ» ማለት የተቻለው በ10ኛ እትሙ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 ነው። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ በፖስትግሬስ ነው፤ ያገራችን ልጆችም የሚማሩበት ስለሆነ።

አንድ ነጋዴ በሐሳባችን እንፍጠር። ዱባይ ተራ ጫማ በጅምላ የሚሸጡ፣ ሠፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ሰው። ደንበኞቻቸው ከደሴ፣ ከጅማ፣ ከባሕር ዳር ይመጣሉ፤ ግማሹን በጥሬ ይከፍላሉ፣ ግማሹን በዱቤ ይወስዳሉ። (ዱቤና ዱባይ የሚመሳሰሉት በድምፅ ብቻ እንዳልሆነ ጋሼን ጠይቋቸው።) የጋሼ ትልቁ ሀብት መደርደሪያው ላይ ያለው ጫማ አይደለም፤ ገና ያልተሰበሰበው የዱቤ ገንዘብ ነው። እሱ ደግሞ ያለው መዝገብ ላይ ብቻ ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ሸማ ተራ ላይ እሳት ሲነሳ መርካቶን የሚያውቅ ሁሉ አብሮ ደነገጠ። ሱቅ ሲቃጠል የሚነደው ሸቀጥ ብቻ አይደለም፤ መሳቢያ ውስጥ ያለው የዱቤ ደብተርም አብሮ ይሄዳል። የእኛ ጋሼ ግን ኮምፒውተር አላቸው። የእህታቸው ልጅ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሮ ሽያጩን ሁሉ በፖስትግሬስ መዝግቦላቸዋል። «ሽያጭ» የሚባል ሠንጠረዥ ሠርቶ በዓመት በዓመት ከፍሎታል፦ የ2015 ክፍል፣ የ2016 ክፍል፣ የ2017 ክፍል።

«ጋሼ፣ በየሌሊቱ ባክአፕ ይወሰዳል፤ አይስጉ።»

«ሱቁ ቢቃጠልስ?»

«ቅጂው ያለው ቤት ነው።»

«እንግዲህ አንተ ካልክ።»

ጥር ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሱቁ ኮምፒውተር አብሮ አልተመለሰም። ልጁ ሳይደናገጥ እዚያው ተራ ሌላ ላፕቶፕ ገዝቶ የመጨረሻውን ባክአፕ ጫነ። ትእዛዙ ያለ አንድ ስሕተት አለቀ። «ሽያጭ» የሚባለው ሠንጠረዥም አለ። ከፈተው፤ ዜሮ ረድፍ።

«የታለ የደሴው ሰውዬ ሂሳብ?»

ምን ሆነ? ፖስትግሬስ መረጃን ወደ ፋይል የሚገለብጥበት ፒጂ ደምፕ የሚባል መሣሪያ አለው። ልጁ ቦታ ለመቆጠብ ብሎ «ሽያጭ የሚባለውን ሠንጠረዥ ብቻ ገልብጥ» ብሎ ነበር ያዘዘው። መሣሪያውም የታዘዘውን አደረገ። ችግሩ የተከፋፈለ ሠንጠረዥ ልክ እንደ መርካቶ መሆኑ ነው፦ ስም አለው፣ የራሱ መጋዘን ግን የለውም። ረድፎቹ በሙሉ ያሉት በክፍሎቹ ውስጥ ነው፤ ክፍሎቹ ደግሞ የየራሳቸው ስም ያላቸው ሠንጠረዦች ናቸው። ስለዚህ ለወራት በየሌሊቱ የተገለበጠው የገበያው በር ላይ ያለው ሰሌዳ ነበር። ይህ ወጥመድ ስንቱን እንደያዘ አታውቁም፤ «ይህን ሠንጠረዥ ከነልጆቹ ገልብጥ» የሚል አንድ ቀላል አማራጭ ፒጂ ደምፕ ላይ የተጨመረው በ16ኛው እትም፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ክፍፍሉ በይፋ ከገባ ስድስት ዓመት ቆይቶ ማለት ነው።

ልጁ አንድ ነገር ቢያይ ኖሮ ይተርፍ ነበር፦ የፋይሉን መጠን። ሽያጩ በየቀኑ እየጨመረ የባክአፑ ፋይል ግን ለወራት በአንድ ኪሎባይት እንኳ አላደገም።

በእሱ ብቻ አትፍረዱ። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 ጊትላብ የተባለው፣ በዓለም ዙሪያ ያሉ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ድርጅት ላይ የደረሰውን ስሙ። አንድ የደከመው ባለሙያ በሌሊት የተጓደለ ቅጂ ለማስተካከል ሲታገል፣ ማጥፋት የፈለገው የቅጂውን ሰርቨር ማውጫ ነበር፤ ያጠፋው የዋናውን ሆነ። ነቅቶ ትእዛዙን ሲያቋርጥ ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ይሁን፣ ባክአፕ አለ። እንዲያውም አምስት ዓይነት መንገድ ነበራቸው። አንድ በአንድ ሲከፍቱት ግን አንዱም እንደታሰበው አልሠራም። ፒጂ ደምፕ በየቀኑ ይጠራ ነበር፤ ነገር ግን ዳታቤዙ የፖስትግሬስ 9.6 እትም ሲሆን የተጠራው መሣሪያ የ9.2 ነበር። እትሙ ሲለይበት ሥራውን ትቶ ይወጣል። «ባክአፑ አልተሳካም» የሚሉት ኢሜይሎችም ይላኩ ነበር፤ የተቀባዩ የደኅንነት ማጣሪያ ሳያሳልፋቸው ቀረ እንጂ። ባክአፑ ይቀመጥበታል የተባለው ቦታ ሲከፈት ባዶ። በመጨረሻ ያዳናቸው አንድ ባለሙያ ለሌላ ሥራ ብሎ ከአደጋው ስድስት ሰዓት ቀደም አድርጎ በእጁ ያነሳው ቅጂ ነው። የስድስት ሰዓት መረጃ ቀልጦ ቀረ። የሚደነቀው ግን ነገሩን አለመደበቃቸው ነው፤ የማገገሚያውን ሥራ በቀጥታ ሥርጭት ለሕዝብ አሳዩ፣ ስሕተታቸውን በዝርዝር ጽፈው አወጡ። ዛሬ እኔ ለእናንተ ልነግራችሁ የቻልኩት በዚያ ምክንያት ነው።

የቅጂ ነገር ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክ ዛሬ በሙሉው የሚገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። በሌላው ዓለም ጠፍቶ ነበር፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ሦስት የግዕዝ ቅጂዎች ይዞ አውሮፓ ሲገባ ነው ምዕራባውያን ሙሉውን ያገኙት። በኋላ በሙት ባሕር አጠገብ ኩምራን ዋሻዎች ውስጥ የአራማይክ ቁርጥራጮች ተገኙ። አሁን ይህን ተመልከቱ፦ መጽሐፉ አምስት ታላላቅ ክፍሎች አሉት፤ የኩምራን ሰዎች ስለ ፀሐይና ጨረቃ የሚናገረውን ክፍል ለብቻው በተለየ ጥቅልል ይገለብጡት ነበር። «ምሳሌዎች» የሚባለው ክፍል ግን (ከምዕራፍ 37 እስከ 71) ከቁርጥራጮቹ መካከል አልተገኘም። በክፍል በክፍል የተቀመጠ ነገር የሚጠፋውም በክፍል በክፍል ነው። የግዕዙ ቅጂ ባይኖር ኖሮ ያ ክፍል እንደጎደለ እንኳ የሚያውቅ አይኖርም ነበር።

ወደ ጋሼ ሱቅ እንመለስ። ልጁ ፍላሾቹን ሲበረብር አንድ ነገር አገኘ፦ በመስከረም 2017 መጨረሻ፣ ፕሮግራሙን ሊያድስ ሲል የገለበጠው የሙሉው ዳታቤዝ ደምፕ። በሠንጠረዥ ስም ሳይሆን በጅምላ ስለተገለበጠ ክፍሎቹ ሁሉ ውስጡ አሉ። ከመስከረም እስከ ጥር ያለው የለም፤ ቢሆንም ከባዶ ይሻላል። በአዲሱ ላፕቶፕ ላይ ሠንጠረዡንና ክፍሎቹን እንደገና በራሱ ጽሑፍ ሠራ፣ ከዚያ ከደምፑ ረድፎቹን ብቻ አስገባ። የ2017 ገባ። የ2015 እና የ2016 ግን ባዷቸውን ቀሩ። ስክሪኑ ላይ በሌሎች መልእክቶች መሐል «አዲሱ ረድፍ የክፍሉን ደንብ ይጥሳል» የሚል ሁለት ጊዜ ተጽፏል።

እዚህ ላይ ጥፋተኛው ጳጉሜን ነው።

የእኛ አዲስ ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ብዙ ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል። በየአራት ዓመቱ ግን ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች፤ ያኔ መስከረም 1 ወደ ሴፕቴምበር 12 ይገፋል። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነበር፤ የ2016 እንቁጣጣሽ በማግሥቱ። ልጁ መጀመሪያ ዳታቤዙን ሲሠራ ወሰኑን ሁሉ «ሴፕቴምበር 11» ብሎ ስላሰመረው፣ የጳጉሜን 6 ሽያጭ ሳይታወቅ ወደ 2016 ክፍል ገብቶ ቁጭ ብሏል። ማንም አላየውም፤ ማሽኑ እንደሆነ ቅሬታ የለውም። አሁን በአዲሱ ላፕቶፕ ላይ ልጁ ብልህ ሆኖ ወሰኑን ወደ ሴፕቴምበር 12 አረመው። እርማቱ ትክክል ነው! ነገር ግን ደምፑ «ይህን ረድፍ 2016 ክፍል ውስጥ አስገባ» ይላል፤ አዲሱ የ2016 ክፍል ደግሞ «ይህ የእኔ አይደለም፣ የ2015 ነው» ብሎ በሩን ይዘጋል። አንድ ረድፍ ሲመለስ ደግሞ አብሮ የመጣው ሁሉ ይመለሳል፤ በጅምላ የሚያስገባው ትእዛዝ ወይ ሁሉን ያስገባል ወይ አንዱንም አያስገባም። በዓል ዋዜማ ገዝቶ በሄደ አንድ ሰው ምክንያት የአንድ ዓመት ሙሉ ሽያጭ ደጅ ቀረ።

በነገራችን ላይ ልጁ ሠንጠረዡን ግብር በሚከፈልበት በበጀት ዓመት ቢከፍለው ኖሮ ይህ ጣጣ አይመጣም ነበር። ሐምሌ 1 በዚህ ዘመን ሁልጊዜ ጁላይ 8 ነው። ጳጉሜን የምታመጣውን አንድ ቀን የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 መልሳ ትወስደዋለች፤ ሐምሌ ሲደርስ ሂሳቡ ተዘግቷል።

የ2016 ክፍል ችግር ተገኘ፤ የ2015ስ ምን ነካው? ልጁ ወሰኖቹን አንድ በአንድ ቢያይም ቀኖቹ ትክክል ናቸው። ግማሽ ቀን ከፈጀ በኋላ የስክሪኑን ጥግ አየ። ላፕቶፑ የመጣው ከዱባይ ነው፤ ሰዓቱ ግን የተሞላው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። ልጁ ወሰኑን «ሴፕቴምበር 11፣ እኩለ ሌሊት» ብሎ ሲጽፍ የማን እኩለ ሌሊት እንደሆነ አልተናገረም፤ ፖስትግሬስም የላፕቶፑን ሰዓት ይዞ የዓለም አቀፉን ወሰደ።

እውነተኛው የብልሽት ፍለጋ የሚመስለው እንዲህ ነው። ሁለት ምክንያት ሲደራረብ አንዱ ሌላውን ይሸፍናል። የሚሻለው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ልጁም የላፕቶፑን ሰዓት ወደ አዲስ አበባ መልሶ ክፍሎቹን ከነወሰናቸው እንደገና ሠራና ሞከረ። የ2015 ገባ። ገፍቶ ሲያይ ምክንያቱ ከዘመኑ መጨረሻ ሳይሆን ከመጀመሪያው በር ኖሯል፦ ክፍሉ የሚጀምረው መስከረም 1 ቀን 2015 እኩለ ሌሊት ነው። ደምፑ ውስጥ የድሮ ደብተር ሲገለበጥ ሰዓት ሳይያዝላቸው በዓመቱ የመጀመሪያ ቅጽበት፣ በእኩለ ሌሊቱ የተመዘገቡ የዱቤ ቀሪዎች ነበሩ። አዲስ አበባ ላይ የ2015 መጀመሪያ የነበሩት በዓለም አቀፉ ሰዓት ለ2014 ተቆጠሩ።

የ2016ን ክፍል ለመፍታት ደግሞ ወሰኑን መልሶ ማበላሸት አያስፈልግም። ደምፑ ረድፎቹን በየክፍሉ ስም ከማስገባት ይልቅ በዋናው ሠንጠረዥ በኩል እንዲያስገባ ማድረግ ይበቃል። ያኔ ማሽኑ እያንዳንዱን ረድፍ በር ላይ ተቀብሎ «አንተ ወደዚያ፣ አንቺ ወደዚህ» እያለ እንደገና ይመድባል። ፒጂ ደምፕ ሲገለበጥ ይህን የሚያዝ አማራጭ አለው። ደምፑ አስቀድሞ ከተወሰደ ደግሞ የጽሑፍ ፋይሉን ከፍቶ የክፍሉን ስም በዋናው ስም መተካት ይቻላል። በዋናው በር መግባት ዝግ ይላል፤ ግን ማንም ደጅ አይቀርም።

ይኸው አማራጭ የተሠራበትን ምክንያት የፖስትግሬስ መመሪያ ሲያስረዳ የሚጠቅሰው ምሳሌ ስለ ቀን ሳይሆን ስለ ፊደል ተራ ነው። ሠንጠረዡ በጽሑፍ ከተከፈለና ሁለቱ ኮምፒውተሮች ፊደል የሚደረድሩበት ደንብ ከተለያየ፣ ረድፉ በአንዱ ላይ የነበረበት ክፍል በሌላው ላይ የእሱ አይሆንም። ይህ ተረት አይደለም። ብዙ ሊኑክስ ኮምፒውተሮች የሚገለገሉበት ጂሊብሲ የተባለው መሠረታዊ የፕሮግራም ስብስብ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2018 በወጣው 2.28 እትሙ የመደርደሪያ ደንቡን በሰፊው ስለቀየረ፣ ሲስተማቸውን ያደሱ ሰዎች የዳታቤዝ ማውጫቸው ተበላሽቶባቸዋል።

ለአማርኛ ይህ ጉዳይ እጥፍ ነው። የእኛ ፊደል ሁለት ተራ አለው፤ ሀለሐመ እና አበገደ። ኮምፒውተር ላይ የገባው የመጀመሪያው ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ የተመዘገበው በ3.0 እትም፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ345 ምልክቶች ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ መንገድ በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ ይደረድር ነበር። በዚያ ዘመን የተጻፈ ፍሎፒ ያለው ሰው ፋይሉ አለው፤ ፎንቱ ከሌለ ግን ሲከፍተው የሚያየው ኮተት ብቻ ነው። ባክአፑ ሳይጠፋ መመለሱ የጠፋበት ዘመን በሉት።

ደግሞ ሞክሼዎቹ አሉ። ጋሼ የደንበኞቻቸውን ስም በፊደል ተራ በሦስት ከፍለው አስቀመጡ እንበል፦ ከሀ እስከ ቀ፣ ከበ እስከ አ፣ ከከ እስከ ፐ። ሰኞ ጸሐፊዋ «አለማየሁ» ብላ ጻፈች፤ ሐሙስ ልጁ «ዓለማየሁ» ብሎ። ለጆሯችን አንድ ሰው ነው። በዩኒኮድ ተራ ግን አ ከከ በፊት ነው፣ ዐ ከወ በኋላ፤ ሰውየው ሁለተኛውም ክፍል ውስጥ አለ፣ ሦስተኛውም ውስጥ። ዕዳው አንድ ቦታ፣ የከፈለው ሌላ ቦታ። በእንዲህ ያለ ዓምድ መክፈል አይመከርም፤ የደንበኛ ቁጥር ይሻላል።

የትኛውም ተራ ውስጥ የማይገባ ዕቃስ? መርካቶ ላይ መልሱ ግልጽ ነው፤ መንገድ ዳር ላስቲክ ዘርግቶ ይሸጣል። ፖስትግሬስም በ11ኛ እትሙ (እ.ኤ.አ. 2018) እንዲሁ ያለ «የተረፈ ሁሉ» ክፍል ፈቀደ። ይህ ክፍል ከሌለ ቦታ ያልተሠራለት ረድፍ «ለዚህ ረድፍ የሚሆን ክፍል አልተገኘም» ተብሎ ይመለሳል፤ ካለ ደግሞ ዝም ብሎ ይገባል። ዝምታውን አልወደውም። የ2018 ክፍል መሥራት ረስታችሁ ስድስት ወር ሙሉ ሽያጩ እዚያ ከተከማቸ፣ በኋላ የ2018ን ክፍል ልጨምር ስትሉ «የእሱ ረድፎች እዚህ አሉ፣ መጀመሪያ አውጣቸው» ይላችኋል። ደንብ አስከባሪ እንደመጣበት የመንገድ ዳር ገበያ ነው።

ልጁ ሁሉም ገብቷል ብሎ ከማመኑ በፊት አሁን ቆጠረ። የእያንዳንዱን ክፍል ረድፍ ብዛት፣ የእያንዳንዱን ክፍል የብር ድምር፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቀን። ደምፑን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ባዶ ዳታቤዝ ከፍቶ እንደገና መለሰና አነጻጸረ። ትእዛዙም ስሕተት ሲያገኝ እንዲቆም አደረገው፤ ሳይነገረው ስሕተትን እየዘለለ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። የተጠቃሚዎች ስምና የይለፍ ቃል በዚህ ደምፕ ውስጥ እንደሌለም ያኔ አወቀ፤ እነሱ ለብቻ ነው የሚገለበጡት።

ከመስከረም እስከ ጥር ያለው አራት ወር ግን በየትኛውም ፍላሽ ላይ የለም። ከደረሰኝ ጥራዞች የካርቦን ቅጂ አንድ በአንድ ተመዘገበ። በደረሰኙ ላይ ያልሰፈረው የዱቤ ቀሪ ሲቀር ጋሼ ስልካቸውን አንስተው ደሴ ደወሉ።

«ሰውዬ፣ የእኔ ማሽን ተበላሽቷል። ያንተ ደብተር አለ?»

«ይጠብቁኝ ጋሼ፣ መሳቢያው ውስጥ ነው» አለና ሄደ። ልጁ እስክሪብቶ ይዞ ጠበቀ።